የቲቸር ማሩ አንድ ግስ

ማሩን የማያውቅ የሳዑዲዋ የጉበይራ ሰፈር ሐበሻ አልነበረም። ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሊሉ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው። ዓርብ ዓርብ ፈቲያና ባሏ ቤት ምንጣፍ ላይ ተሰብስበን እንግሊዝኛ ያስተምረን ነበር። ሴቶች በአንዱ ግድግዳ፣ ወንዶች በሌላው፤ እሱ መሀል ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ከረባት አስሮ። «ቲቸር» ካልተባለ አይሰማም። የሚሠራው ትልቅ ሆስፒታል ነው፤ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ «አስተዳደር» ይልና ወሬውን ያዞራል። የሰው ቤት የሚሠሩትን እህቶች «ኸዳማ» ሲል ቃሉን እንደ ተምር ፍሬ ከአፉ እንትፍ ያደርገዋል።

ትምህርቱ አንድ ቃል ነበር፤ ጌት።

«እንግሊዝኛ የሚባለው ይኸው ነው። ጌትን ያወቀ ሰው ለንደን ቢጥሉት አይራብም» ይለናል። ከዚያ ይጀምራል፤ ጌት ሲክ ታመመ፣ ጌት ዌል ዳነ፣ ጌት ማሪድ አገባ፣ ጌት ሎስት ጠፋ። አይ ጌት ኢት ሲባል ገባኝ ነው፤ ጌት አፕ ሲባል ተነሥ። በሳምንቱ ስንመጣ ያው ሰውዬ እንደገና ታሞ ይጠብቀናል።

«ቲቸር» አለች አንድ ቀን ፈቲያ። የወሎ ልጅ ናት፣ ምላሷ አያርፍም። «ይኼ ሰውዬ ታመመ፣ ዳነ፣ አገባ፣ ጠፋ። እኛ መቼ ነው ወደ ሌላ ቃል የምንሄደው?»

«ገና ነው። ጥልቅ ግስ ነው።»

«የእኛስ ‹ያዘ›? ጉንፋን ይይዛል፣ ፖሊስ ይይዛል፣ እልህ ይይዛል፣ ሥራም ይያዛል። ግን ‹ያዘ›ን ዓመት ሙሉ የተማረ ሰው አላየሁም።»

ሳቅን። ማሩ ከረባቱን አስተካክሎ፣ «ኸዳማና ሰዋስው አይተዋወቁም» አለ። እሱ ራሱ ከጌት ሌላ ከየትኛው ሰዋስው ጋር እንደሚተዋወቅ እስከ ዛሬ የሰማ የለም።

ከሁላችን የቸኮለችው ዘመናይ ነበረች። የሳዑዲ አሠሪዋን ሽባ እናት ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ስታጎርስ ዓመታት ከቆየች በኋላ አሮጊቷ ሞቱ። ከፊሏም፣ ያመጣትና ወረቀቷን የያዘው ይኸው አሠሪዋ፣ «የሚወስድሽ መሥሪያ ቤት ካገኘሽ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ኢቃማሽን፣ አዘዋውርልሻለሁ፤ ካለዚያ በወሩ መጨረሻ ወደ አገርሽ» አላት። ወዲያው ማሩ የሚሠራበት ሆስፒታል ሕመምተኛ የሚረዱ ሴቶች ይፈልጋል ተባለ። ጥያቄው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«ቲቸር፣ እባክዎ ሌላ ሌላውን ቃል ያስተምሩኝ። ማጠብን፣ ማንሣትን» ብላ ለመነችው።

«ጌት ይበቃሻል። ደግሞም አብሬሽ እገባለሁ። እዚያ እኔን የማያከብር የለም።»

በቀጠሮው ቀን ኮቱን ደርቦ ቀደማት። ዋናዋ ነርስ ፊሊፒናዊት ናት። መነጽሯን ከፍ አድርጋ ዘመናይን፣ «ሕመምተኛ አንሥተሽ ታውቂያለሽ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ዘመናይ አፏን ሳትከፍት ማሩ ዘሎ ገባ።

«ሺ ጌት! ሺ ጌት አፕ፣ ሺ ጌት ዌል፣ ኤቭሪቲንግ ሺ ጌት!»

ነርሷ ደግማ ጠየቀቻት። ማሩ ደግሞ መለሰ። ሰውዬው እዚያም ታመመ፣ ዳነ፣ ሊያገባ ምንም አልቀረውም። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው።

«ማሩ? ማታ ማታ ሻይ የሚያመጣልን ማሩ አይደለህም?»

ማሩ የማታ ተረኛ ስለሆነ የቀኑ ሰዎች አያውቁኝም ብሎ ተማምኖ ነበር። ነርሷ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከማታ ወደ ቀን ተዛውራለች። እንደ ወትሮዋ በትሕትና፣ «ጎ ጌት አስ ሰም ቲ፣ ፕሊስ» ብላ በሩን አሳየችው።

ሂድና ሻይ አምጣልን ማለቷ ነው። ከዚያ በሽተኛ ሰውዬ ጋር ዓመት ስንከርም ይኼ ትርጉም አንድ ቀን አልተነሣም። ለካ እንጀራውን የሚበላበት፣ ከሁሉም አጥርቶ የሚያውቀው ይኼንኑ ነው። ሻይ ማመላለስ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ከእኛ ውስጥ የሰው ሽንት ቤት ያላጠበ ማን ነበረና? እያመላለሱ ሌላውን ኸዳማ ማለት ነው እንጂ ነውሩ።

እሱ እንደ ሄደ ዘመናይ አሮጊቷን ልታይ ትመላለስ ከነበረች ነርስ የለቀመቻቸውን ቃላት አወጣች። «ኦልድ ማማ። አይ ዋሽ። አይ ተርን፣ ላይክ ዚስ» ብላ፣ ክንዷን ዘርግታ የሌለ ሰው አገላበጠች። የጎደለውን በዓረቢኛ ሞላች። የፊሊፒናዊቷም ዓረቢኛ ከእሷ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረምና ተግባቡ። ማሩ ትሪውን ይዞ ሲመለስ ወረቀቱ ተፈርሟል። አንዱን ብርጭቆ ለነርሷ፣ አንዱን ለገዛ ተማሪው ለዘመናይ አስቀመጠ።

«ስኳር?» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ዓርብ ዕለት ዘመናይ ይኼን አውርታልን፣ ስቀን ሳንጨርስ ማሩ ገባ። ምንም እንዳልተፈጠረ ኮሌታውን አስተካክሎ መሀል ላይ ቆመ።

«ዘመናይን ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አይ ጎት ኸር ዘ ጆብ። ይኼ አዲስ የጌት ትርጉም ነው፤ ያዙት።»

ዘመናይ አቀርቅራ ምንጣፉን ታያለች። ፈቲያ ግን ባዶውን ፔርሙስ ወደ እሱ ገፋ አደረገች።

«ሻይ አልቋል» አለች፣ እንዲሁ እንደ ወሬ።

ማሩ ጎንበስ ብሎ ፔርሙሱን አነሣ። በዚያው እጁ ሁለት ብርጭቆ በጣቶቹ መሀል ለቀም አደረገ፤ ልማድ ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጀርባውን እንደ ሰጠን።

«ያላ፣ ቲቸር» አለች ፈቲያ። «ስኳሩ ከላይ ነው።»