ባለቤቱ ያልሰማው ወሬ

ሴትዮዋ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ጨርቅ ሲቆርጡ ቢያበላሹ እንኳ ለደንበኛው ፊት ለፊት ይናገራሉ እንጂ አይደብቁም። አንድ ኩላሊታቸው ከወጣ ዓመቱ ነው፤ ልጃቸው ግን "ጠጠር ነበር" ብሏቸዋል።

ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ፣ እሳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሐኪሙ ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳል።

"የኩላሊት ካንሰሩ ሴሎች መልእክት ይላላካሉ። አጠገባቸው ላሉት ጤነኛ ሴሎችም ምልክት እየሰጡ መንገድ ያስከፍታሉ። ወደ ሳንባቸው የተዛመተው እንደዚያ ነው።"

ሴትዮዋ ጉልበታቸው ቢደክምም ጆሯቸው ደህና ነው። ደማቸው ፈላ።

"ሴሉ ከሴሉ ይነጋገራል፣ ልጄ ከሐኪሙ ይነጋገራል፤ ለእኔ ብቻ ጠጠር!" አሉ። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም!"

"እማዬ፣ እንዳትደነግጪ ብለን እኮ ነው" አለ ልጁ።

"ድንጋጤውስ ቢሆን የራሴ አይደለም?"

ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው እንደቆለፉ ወንበራቸውን ጎትተው በሁለቱ መሐል ተቀመጡ።

"በል ዶክተር፣ አሁን ለእኔ ንገረኝ" አሉት ሐኪሙን።

ሐኪሙ ልጁን አየው፤ ልጁ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ "ያለብዎት ካንሰር ነው" አላቸው።

ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ።

"ቀጥል" አሉት።