ብርድ ልብስ የለበሰው ዓሣ ነባሪ

ትምህርት ሲዘጋ ከጎረቤቶቻችን ጋር ወደ ቫንኩቨር ደሴት ሄደን፣ ሃምፕባክ የሚባለውን ጀርባው ጎበጥ ያለ ዓሣ ነባሪ በጀልባ ወጥተን ልናይ ተስማማን። ልጄ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ፊቷን አጨፈገገች። ዓሣ ነባሪዎች ጀልባ ሲከባቸው እንደልባቸው መብላትም ማረፍም እንደማይችሉ ክፍል ውስጥ ተምራለች። እኛን ደግሞ በደንብ ታውቀናለች። ስለዚህ ሳንሠለጥን የትም እንደማንሄድ ነገረችን።

ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን በቴምፕል፣ ከቤታችን ጀርባ ያለው የኳስ ሜዳ ላይ ሰበሰበችን። ለዓሣ ነባሪነት የመረጠችው ጎረቤታችንን ጋሼን ነበር። ጋሼ የወሎ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሲያዩዋቸው ቀልድ የሚባል ነገር የማያውቁ የሚመስሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዌሉ ነዎት፣ ኦኬ? ዝም ብለው ይዋኙ" ብላ ግራጫ ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው።

እኛ ጀልባዎች ሆንን። ሕጉ መቶ ሜትር መራቅ ነው፤ ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ጎል ማለት ነው። ዓሣ ነባሪው ራሱ ወደ እኛ ከመጣ ደግሞ ሞተር አጥፍቶ መቆም።

መራቁን ግን ማን ይችለዋል? ጋሼን የሚያህሉ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንበው ሣር ላይ ሲንፏቀቁ ስልኩን ያላወጣ አልነበረም። ባሌ በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ ባለቤታቸው ከፊት ሆነን እየቀረጽን ከበብናቸው። ልጄ ወደ ኋላ በሉ ብትል የሚሰማት አጣች። ለካ ጋሼ ብርድ ልብሱ ውስጥ የውኃ ጠርሙስ ይዘው ገብተዋል። ድንገት ቀና ብለው አንድ ጉንጭ ውኃ ፊቴና ስልኬ ላይ እፍ አሉት። ከዚያ ረጋ ብለው ወደ ባሌ ዞሩ።

"ልተንፍስ እንጂ" አሉ።

ልጄ ሣሩ ላይ ተንከባለለች። ሥልጠናው በዚያው አበቃ።

ሐምሌ ላይ የሄድንበትን ጀልባ ልጄ ራሷ ናት የመረጠችው፤ ርቀት የሚጠብቅ መሆኑን አጣርታ። ካፒቴኗ ከሩቅ ቆመች። ዓሣ ነባሪው ብቅ ብሎ ተነፈሰ፣ ጅራቱን አነሳና ሰጠመ። አጠገባችን የነበረ አንድ ቱሪስት ትንሽ ጠጋ እንበል እያለ ካፒቴኗን መነዝነዝ ሲጀምር ጋሼ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

"እኔ ሆኜ አይቼዋለሁ" አሉት በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ሳይሉ። "ሲከቡህ በጣም ያስጠላል።"

ሰውየው አያቸው፣ እኛን አየን፣ ከዚያ ሄዶ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ያነሳሁት ፎቶ ላይ ሰፊ ባሕርና አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። አሳጥቤ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ባለፈው የመጣች እንግዳ ነጥቧ ቆሻሻ መስላት በሶፍት ልትጠርጋት ስትታገል አገኘኋት። ልጄ በሳቅ እየፈነዳች አላስቆመቻትም፤ እኔም አልከለከልኳት።