የፀሐይወርቅ አምስተኛ ድምፅ

ሲራክ ጎፋ ካምፕ ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተቀምጦ የሰው ቴሌቪዥን፣ የሰው ዲኮደር፣ የሰው የሰርግ አምፕሊፋየር ሲጠግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ትዳር የለውም። «ለምንድነው የማታገባው?» ብለው ሲጨቀጭቁት «መንኮራኩሬ አልደረሰችም» ይላል። ሰው ይስቃል። እሱ ግን ግማሹን ከልቡ ነው።

እናታቸው ስትሞት እሱ ሰባት፣ እህቱ ፀሐይወርቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ከእናታቸው ቀድመው ሄደዋል። ፀሐይወርቅ ሳሙና ፋብሪካ ገባችና ሳሙና እየጠቀለለች አሳደገችው። የእናት ሽታ ምን ይመስላል ቢሉት፣ ሲራክ እስከ ዛሬ ከልብስ ሳሙና ሌላ አያውቅም።

ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በሳሙና አይደለም። ፀሐይወርቅ ሙሾ ታወርዳለች። ከጎፋ እስከ ላፍቶ የእድር ድንኳን ተተክሎ፣ ለቀስተኛው እንባው እምቢ ብሎት በየወንበሩ ሲደርቅ፣ «ኧረ ፀሐይወርቅን ጥሩ» ይባላል። ትመጣለች። ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። ስለ ሟቹ ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቅና ትጀምራለች። አንድ የሚኒባስ ሾፌር የሞተ ጊዜ ያወረደችውን የጀሞ ታክሲ ተራ አስከባሪዎች አሁንም ይሉታል፦

መንገድ ሁሉ አውቆ ሲመላለስ ኖሮ፣
የማይመለሱበት ወሰደው ዘንድሮ።

ድምፅዋ ቀጭን አልነበረም። ወፈር ብሎ፣ ጫፉ ላይ እንደ አሮጌ ቀሚስ ተተልትሎ፣ ከደረት ይነሳና አየር ላይ ትንሽ ይቆማል። እዚያ ሲቆም ነው ሰው የሚፈርሰው። እሷ ራሷ አታለቅስም፤ እቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ነው የሚመጣባት። ማንም እንዲቀዳት አትፈቅድም ነበር። ስልክ ያወጣ ካየች በዓይኗ ታስገባዋለች። «የሰው ሞት በሳጥን አይያዝም» ትላለች። ስለዚህ በሰፈሩ ስልክ ሁሉ ውስጥ ያለው ድምፅዋ ልጇ ውዳሴ የተመረቀች ቀን ያሰማችው እልልታ ብቻ ነው፤ አሥር ሰከንድ የማይሞላ።

ሲራክ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያነበው ስለ ሰማይ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ሽፋናቸው የተቀደደ የሳይንስ ልቦለዶችን ይገዛል፤ በመዝገበ ቃላት እየታገለ ያነባቸዋል፤ ከዚያ ሽንኩርት ለምትልጠው እህቱ ይተርክላታል። ቆይቶ የራሱን በደብተር መጻፍ ጀመረ። ሦስት መቶ ሰው ጭና ከምድር ስለወጣች መንኮራኩር ነው፤ ዓመታት ስለሚፈጅ ጉዞ።

አንድ ቀን ፀሐይወርቅ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ «ቆይ፣ እዚያ ላይ ሰው አይሞትም እንዴ?» አለችው።

«ይሞታል እንጂ።»

«ታዲያ ማን ያለቅስለታል?»

ሲራክ አላሰበበትም ነበር። «ማሽን ይኖራቸዋል» አለ ዝም ላለማለት።

«ኤድያ! ማሽን እንባ አለው? ያንን ሁሉ መንገድ አስበህ እድር እንኳ አላቋቋምክላቸውም?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሽንኩርቱ ይሁን ነገሩ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ቀስ ብላ አዜመች፦

ከምድር ተለይቶ ከደመናም በላይ፣
አፈር የሌለበት ምን ያልብሰው ሰማይ።

ያቺን ግጥም በደብተሩ ጻፋት። በመንኮራኩሯም ውስጥ የምታለቅስ ማሽን አስገባ። እንዴት ታለቅሳለች የሚለውን ግን ሊጽፈው አልቻለም፤ አያውቀውማ።

የሚያውቅበት ቀን የመጣው አንድ የሰርግ ባንድ ኪቦርድ ነው ብሎ ጥሎት በሄደው ዕቃ ነው። ባለቤቱ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ሲራክ ዕቃውን ጠግኖ ሲያበራው ከበሮ የለውም፣ ዋሽንት የለውም፣ የተዘጋጀ ዘፈን የለውም። ቁልፉን ሲነካው እንደ ተቆጣ ንብ «ዝዝዝ» አለ። ላዩ መዘወሪያ ብቻ ነው።

ጎረቤቱ መሐሙድ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴው፣ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ኢንጂነር፣ ምንድነው እሱ? ጄኔሬተር ነው?»

«ሲንተሳይዘር ነው።»

«ይዘፍናል?»

«ካስተማርከው።»

«እንዳንተ ነው በለኛ! ወላሂ አንተን ያስተማረህ ሰው ምን ያህል እንደደከመ አንድ አላህ ነው የሚያውቀው» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መሐሙድ እየተሳደበም ቢሆን ሲራክ የሚፈልገውን ትራንዚስተር ከየሳጥኑ ቆፍሮ የሚያመጣለት እሱ ነው።

ሲራክ ዕቃውን ፈታው፣ ሰርኪዩቱን በእርሳስ ገለበጠ፣ ከስልኩ ቪዲዮ እያየ ተማረ። ድምፅ ማለት ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው፤ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ከተመላለሰ ይቀጥናል፣ ጥቂት ከተመላለሰ ይወፍራል። ያንን ሸካራ ድምፅ እንደ ጠላ የሚያጠልለው ሌላ ክፍል አለ፤ ማጥለያውን ስታጠብበው ድምፁ ይጨልማል፣ ስትከፍተው ይነጋል። ሌላው ክፍል ደግሞ ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንዴት እንደሚሞት ይወስናል፤ እንደ መዶሻ ቶሎ፣ ወይም እንደ ትንፋሽ በቀስታ። ሲራክ ይህን የተረዳ ቀን እጁን ከዕቃው ላይ አነሳ። እህቱ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ መነሻ፣ ማጥለያ፣ መሞቻ።

የራሱን ሠራ። የሰባራ ስፒከር ሳጥን ላይ አምስት ቁልፍ፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ መዘወሪያ። አምስት የሆነው የእህቱ ሙሾ አምስት ድምፅ ስለሆነ ነው። በስልኩ መቃኛ እያስተያየ አምስቱንም ልክ አስገባቸውና በአንድ እሑድ ተሸክሞላት ሄደ። አንድ በአንድ ነካላት።

ፀሐይወርቅ እስኪጨርስ ጠበቀችው። «ጎበዝ» አለች። «የሙሽራ መኪና ጥሩምባ ይመስላል።»

«እትዬ፣ በሳይንስ ልክ ነው እኮ።»

«ለማን ልክ?» አለችው። «አባባ ክራሩን እንዴት ነበር የሚቃኘው? አንተ ህፃን ነበርክ። እማማ ትጀምራለች፤ እሱ ጆሮውን ወደ እሷ አዘንብሎ ክሩን እሷ ወዳለችበት ያመጣዋል። ደክሟት ዝቅ ካለች ዝቅ ይላል። ክራር ሰውን ነው የሚከተል፤ ይሄ የአንተ ማንን ተከትሎ ነው?»

ልክ ነበረች። ድምፅዋን እየሰማ፣ በአምስቱም ላይ እያቆማት፣ መዘወሪያውን ወደ እሷ ማምጣት ነበረበት። በሳምንቱ ሊሠሩት ተቀጣጠሩ። በሳምንቱ ድምፅዋ ጎረነነ። ጉንፋኑ ይልቀቃትና፣ አለ ሲራክ። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ፤ ጉንፋኑ አልለቀቀም።

ሐኪሙ ሲራክንና ውዳሴን ለብቻቸው አስጠርቶ አስቀመጣቸው። ማንቁርቷ ላይ ካንሰር ነው። ማንቁርቱ በሙሉ ይወጣል፣ አንገቷ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ትተነፍሳለች፤ ትኖራለች፣ ድምፅ ግን አይኖራትም። «ቀዶ ጥገና ሳትገባ ልታውቅ ይገባል። እኔ ልንገራት ወይስ እናንተ?» አላቸው።

«እኛ እንነግራታለን» አለች ውዳሴ።

ውዳሴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስለ መድኃኒት የሚጠይቃትን ሁሉ ቁጭ አድርጋ የምታስረዳ ልጅ ናት። የእናቷ ግቢ በር ላይ ሲደርሱ ግን የአጎቷን እጅጌ ያዘች።

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ?»

«እንጃ ልጄ።»

«ካወቀች እኮ አትገባም። በቃ እንዲህ ሆኜ ልሙት ነው የምትለው። አላውቃትም?»

ሲራክም ያውቃታል። ክፉ ነገር ለታመመ ሰው አይነገርም፤ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደጋፊ እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገር። በዚያ ላይ ስንቱን ቤት መርዶ አብራ ያረዳች እሷ ናት። እሷን ማን ያርዳ? «እብጠት ናት፣ ያወጡልሻል» ሊሏት ተስማሙ። ለሐኪሙ ነግረናታል አሉት። ሐኪሙ «ገብቶሻል እናቴ?» ሲላት፣ ስለ እብጠቷ መስሏት «ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ፈረመች።

ሆስፒታል ልትተኛ አንድ ቀን ሲቀራት ሲራክ ሊጠይቃት ሄደ። ኪሱ ውስጥ ስልኩን አዘጋጅቶ ነበር። ለጨዋታ አስመስሎ አንድ ጊዜ ያዘፍናታል፤ አምስቱን ድምፅ ይይዛል፤ ይኸው ነው ሐሳቡ። ፀሐይወርቅ በረንዳ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትፈለፍላለች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ግን እሷው ናት።

«ና ተቀመጥ» አለችው። «ያ ጥሩምባህ የት ደረሰ?»

«አለ።»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁህ። በል አሁን ልበልልህ፣ ቀዳው ካልክም ቅዳው። ሆስፒታል ገብቼ ስንት ቀን እንደምተኛ ማን ያውቃል?»

ዕድሜ ልኳን ያልሰጠችውን ራሷ ዘረጋችለት። ሲራክ አፉን ከፈተ። ስልኩን ግን ከኪሱ አላወጣም። አሁን አንድ ድምፅ ብታወጣ እሱ ያለቅሳል፤ ካለቀሰ ደግሞ እሷ ታውቃለች። የሰው እንባ ከየት እንደሚመጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ግዴለም እትዬ» አላት ወደ አጥሩ እያየ። «ጉሮሮሽን አታድክሚው። ስትድኚ።»

«አንተ ካልክ» አለችና ወደ ነጭ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከሆስፒታል ስትወጣ ዝናቡ አብቅቶ ነበር። አንገቷ ላይ ስስ ሻሽ ታስራለች፤ ሻሹ በትንፋሿ ልክ ገባ ወጣ ይላል። ውዳሴ ደብተርና እስክሪብቶ ገዛችላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ሳትጽፍ ቆየች። ሊጠይቃት የመጣው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያወራላታል፤ መስማት የተሳናት ይመስል። በሦስተኛው ሳምንት ሲራክ ሲገባ ደብተሩን ገፋችለት። የእጅ ጽሑፏ የአራተኛ ክፍል ልጅ ይመስላል፤ ለእሱ ብላ ትምህርቷን ካቆመች ወዲህ እስክሪብቶ ብዙም አልያዘችም።

ስሰጥህ እንቢ አልከኝ ቤቴ ሞልቶ ሳለ፣
አሁን ብትለምነኝ ምን እጄ ላይ አለ።

ከሥሩ ደግሞ፦ «ለምን አልነገርከኝም? ሌሊቱን ሙሉ እዘፍንልህ ነበር።»

ሲራክ መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ሰበብ አልፈለገም። «ፈራሁ» አለ። «ከእንግዲህ ግን ምንም አልደብቅሽም። በእናታችን።» ቃሉን ትቀበል አትቀበል ፊቷ አልነገረውም። ሲሄድ ግን ከጀርባው ጠረጴዛውን ኳኳችና ደብተሩን አነሳች፦ «ሳጥኑን አምጣው።»

በማግስቱ ቅዳሜ መሐሙድ የሳጥኑን አንድ ወገን ይዞ አብሮት መጣ። መንገድ ላይ ሲራገም ቆይቶ ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጤና ይስጥልኝ እትዬ» ብሎ ወዲያው ወጣ። እሷ መመለስ እንደማትችል ረስቶት ቆይቶ ነበር፤ ትዝ ሲለው ነው የወጣው።

ሲራክ ሳጥኑን ከፊቷ አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ነክቶ መዘወሪያውን በቀስታ ማዞር ጀመረ። ፀሐይወርቅ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ዘረጋች። መዳፏ ወደ ላይ ሲነሳ ያነሳል፣ ወደ ታች ሲወርድ ያወርዳል፣ ሲጨበጥ ያቆማል። አባታቸው ጆሮውን ያዘነበለው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ ልዩነቱ አሁን የሚከተለው እጅ እንጂ ድምፅ አለመሆኑ ነው። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ብዙ አላስቸገረም። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ የእሱ ትዝታና የእሷ መዳፍ እኩል ቆሙ፤ ሲራክ በእንባው መሃል ፈገግ አለ።

አምስተኛዋ ቀረች። ሰው የሚፈርስባት፣ አየር ላይ የምትቆመዋ። ሲራክ እያዞረ መጣና አወቃት፤ ይቺው ናት። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሚያውቃት። እጁን አነሳ።

የፀሐይወርቅ መዳፍ አልተጨበጠም። ትንሽ ወደ ላይ አለ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ነበረች። አርባ ዓመት ሰምቼሻለሁ እኮ።»

ዓይኗን ገልጣ ጻፈች፦ «አንተ የሰማኸኝ ከውጭ ነው።»

አዞረ። ድምፁ እሱ ከሚያውቃት ቦታ ፈቅ አለ፤ ቀጠነ፣ ልጅነት ቢጤ ተሰማበት። መዳፏ ተጨበጠ። ሲራክ በዚያ ሰፈር ውስጥ ሊጠይቀው የሚችል ሰው አሰበ፤ የቀብሩን ሁሉ ለቀስተኛ አሰበ። ሁሉም የሰማት ከውጭ ነው። ከውስጥ የሰማት አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ይቺ ናት ብላለች።

ፀሐይወርቅ ራሷ ቁልፎቹን ነካካች። አምስቱን አንድ በአንድ፣ መጨረሻ ላይ አምስተኛዋን ይዛ ቆየች። ሌላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ ጻፈች፦ «እኔን ትመስላለች?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር።

«ለእኔ አትመስልም» አላት ሲራክ። «ሌላ ሴት ናት።»

ፀሐይወርቅ እስክሪብቶዋን አነሳች፦ «ለእኔ ግን እኔ ነኝ።»

ቁልፏን እንደገና ተጫነችው። ሲራክ መዘወሪያዋ እንዳትንቀሳቀስ በአንዲት የሙጫ ጠብታ አጣበቃት፤ ግድግዳውን ተደግፎም ያቺን የማያውቃትን ሴት ያዳምጥ ጀመር።