መስኮት ያለው ዕቃ ቤት

ዓለምፀሐይ ስለ ግድግዳ ማውራት ከጀመረች የሚያስቆማት አልነበረም። ዕድሜ ልኳን የተማሪ ደንብ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ስልሳን ካለፈች በኋላ ድንገት ተነስታ «የጭቃ ቤት ይተነፍሳል» ብትል ሰው ምን ይላል? ሳቀባት እንጂ። ቤቷ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በላይ፣ ዳገቱ ወገብ በሚቆርጥበት ሰፈር ነው። ከበሯ ፊት ለፊት ኡሙሀኒ የምትባል ጎረቤቷ ሱቅ አላት። ኡሙሀኒ በየጠዋቱ ከሱቋ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ዛሬስ የማን ግድግዳ ታመመ?» ትላታለች።

«ያንቺው ነዋ! በሲሚንቶ ገንዘሽው እርጥበቱ በየት ይውጣ?»

«እኔ እኮ ሱቅ ያለኝ ነው የሚመስለኝ፤ ለካ በሽተኛ ነው የማስታምመው።»

እንዲህ ተባብለው ነው ቀኑ የሚጀመረው።

ይህን ሁሉ ያስተማራት ወንድሟ መሸሻ ነው። ስለ እሱ ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያለ እሱ ወሬው ወሬ አይሆንም። እናታቸው ስትሞት መሸሻ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። አባታቸው ሐዘናቸውን ጠጅ ቤት ይዘው የገቡ ሰው ስለነበሩ፣ ያጠበችውም፣ ያበላችውም፣ ትምህርት ቤት የወሰደችውም እሷ ናት። ለትዳር የጠየቃት ሰው ነበር። «ልጁን ለማን ጥዬ?» ብላ መለሰችው። ሰውዬው ጥቂት ጠብቆ ሌላ አገባ። እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ልጁን ዩኒቨርሲቲ አስገባች፤ መሐንዲስም ሆነላት። ዛሬ ትዳር ይዞ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ይኖራል። «እትዬ» ይላታል፤ በዓል ሲመጣ ጉልበቷን ሳይስም አይቀመጥም።

የአባታቸው ቤት የሁለቱም ነው፤ ካርታውም በሁለቱ ስም ነው የወጣው። የምትኖርበት ግን እሷ ብቻ ናት። ያውም መኖር ከተባለ! ክረምት ሲሆን ግድግዳው ያልባል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱን ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በየስንጥቁ እየገባ አጥንቷን ይቆረጥመዋል። ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳው ግድግዳ ተደግፋ፣ አንዱን ጉልበቷን ለምና ሌላውን ተቆጥታ ነበር።

መሸሻ ዊንጌት አካባቢ ባለ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ አረንጓዴ ግንባታና ኃይል ስለሚቆጥብ የቤት እድሳት ማስተማር የጀመረ ጊዜ፣ ጠርቶ ወሰዳት።

«ነይና ስሚ እትዬ። ከዚያ ቤታችንን እናድሰዋለን። ሁለተኛ ብርድ አይነካሽም፤ ቃሌ ነው።»

ሄደች። ልጆቿ ሊሆኑ በሚችሉ ወጣቶች መሃል፣ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ግን ነገሩ ከልብስ ስፌት እንደማይርቅ ገባት። ቤትም ፊትና ጀርባ አለው። በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ስለምትሄድ፣ ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ይሁን። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ መልሶ ይሰጣል። ጭድ የገባበት ጭቃ ሳይቸኩሉ ተብላልቶ ሲለሰን አይሰነጠቅም፤ ሲሚንቶ ከተደረበበት ግን እርጥበቱን ውስጡ አፍኖ ይበሰብሳል። ከኮርኒሱ በላይ ጭድና ጭቃ ከተነጠፈ የቆርቆሮው ብርድ አይወርድም። እንጦጦን የሚያየው የሰሜን በኩል ደግሞ የቤቱ ጀርባ ነው። «እዚያ ብርድ የማይሰማቸውን ነገሮች አድርጉ» አለ መሸሻ በትልቁ ድምፁ፣ «ዕቃ ቤት፣ መጸዳጃ፣ የመሳሰሉትን። ማሞቂያ የሚገዛ ሰው ቤት መሥራት ያላወቀበት ሰው ነው።» አዳራሹ ሳቀ። ዓለምፀሐይ አጠገቧ ላለችው ልጅ፣ «ወንድሜ ነው እኮ» አለቻት። ሳትጠየቅ።

ክረምቱ ሲወጣ ሥራው ተጀመረ። መሸሻ ሱሪውን ሰብስቦ መሬቱ ላይ በኖራ እያሰመረ፣ እዚህ ሳሎን፣ እዚህ መኝታ፣ በሰሜን በኩል የምትጨመረው ይቺ ጠባብ ደግሞ ዕቃ ቤት እያለ አሳያት። እሷም እንደ ልብስ ቅድ ዓይኗን አጥብባ አየችው። አንድ ነገር ግን አልገባትም።

«ለዕቃ ቤት መስኮት ምን ያደርጋል?»

«አየር እንዲገባ ነዋ እትዬ። እህሉ እንዳይሻግትብሽ።»

«በሩስ? ለምን በጓሮ ሆነ?»

«ከሰል ምናምን ስታስገቢ ሳሎንሽ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።»

ለከሰሏ እንኳ አሰበላት! የዚያን ዕለት ለኡሙሀኒ ስትነግራት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጭቃውን ማን ይርገጠው ሲባል፣ «እሱን ለእኔ ተወው፤ ደቦ እጠራለሁ» አለች። ከተማ ውስጥ ምን ደቦ አለ የሚል ይኖራል። በዚያ ሰፈር ግን ያረጀ ሰው ቤት ሲዘምምበት ጎረቤት ዛሬም ይወጣል። ደንብ ግን አለው። ሰው የሚወጣው ለሚኖርበት ሰው ነው፤ ለሚከራይ ቤት እግሩን ጭቃ ውስጥ የሚነክር የለም። ከዓመታት በፊት አንዱ የሰፈሩን ሰው በደቦ አስለፍቶ፣ ልስኑ እንደደረቀ «የሚከራይ ቤት» የሚል ካርቶን በሩ ላይ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ ሰላም የሚለው ቢኖር በግማሽ አፉ ነበር። ሰውዬው በመጨረሻ ሰፈሩን ለቀቀ። ዓለምፀሐይ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ በየበሩ እየቆመች፣ «መሸሻዬ ሊጦረኝ ነው፤ የማርፍበትን ቤት ልትሠሩልኝ ኑ» ብላ ጠራች።

መጡም። ኡሙሀኒ ሱቋን ዘግታ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ በልጇ ቱታ ጭቃ ስትረግጥ ዋለች። «ይሄ ግድግዳ ከታመመ እኔን አትጥሪኝ!» እያለች ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። ለዕቃ ቤቱ ጭድ ጨምሩበት ያለችውም እሷ ናት፤ ሰሜን ነው ብርዱ ይጠናል ብላ። መሸሻ ስልኩን ይዞ እየዞረ ቪዲዮ ያነሳል። «እትዬ፣ ወደዚህ ዙሪ እስኪ! ሳቂ!» ይላታል፤ ትስቃለችም፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

የላይኛው ስስ ልስን ሲቀር ቤቱ አለቀ። ኅዳር ገባ፤ አልጋዋን ደቡቡ መስኮት ሥር አደረገች። የመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ይቀሰቅሰኛል ብላ ስትጠብቅ ነጋ። ጠዋት ማንንም ሳትደገፍ ተነሳችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ የበለጠ የተካሰች ሴት የለችም ብላ ነበር። ተሳስታለች።

ሄርሜላ የምትባል ልጅ በዚያው ሳምንት ካሜራ አንጠልጥላ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ጥፋት የለባትም።

«ማዘር፣ አቶ መሸሻ ናቸው የላኩኝ፤ ለፔጁ የሚሆን ፎቶ ላነሳ ነው። አልጋዋን ትንሽ ብናነሳትስ? እንግዶቹ ሲያዩት ሰው ያለበት እንዳይመስል።»

«የምን እንግዶች?»

ልጅቷ ስልኳን አሳየቻት። የራሷ ቤት ነው። እንጦጦን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች የሚከራይ፣ በአካባቢው ማኅበረሰብ ደቦ የተሠራ አረንጓዴ ቤት ይላል። ከሥሩ የኡሙሀኒ እግር ጭቃ ውስጥ፣ ከዚያ ደግሞ እሷ እስከ ክርኗ ተለቅልቃ ስትስቅ። «የሰፈሩ ነዋሪዎች» ይላል። ስሟ እንኳ የለም።

«እ... ማለቴ፣ ከገና ጀምሮ ተይዟል እኮ» አለች ሄርሜላ ፊቷን አይታ እየተጨነቀች። «እርስዎ በጓሮ በኩል እንደሚሆኑ ነው የነገሩኝ። ክፍልዎን ላንሳው እንዴ?» ብላ መንገዱን መራቻት። ወደ ዕቃ ቤቱ።

ዓለምፀሐይ በሩ ላይ ቆመች። ጠባቧ መስኮት አለች። ለብቻው የሚከፈት በር አለ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው እጁ በሚደርስበት ቁመት ላይ ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ እህል መብራት አያበራም። ይህችን ክፍል መሸሻ ለማን እንደለካት ያኔ ገባት። ስለ መስኮቱ ስትጠይቀው እንኳ ዓይኑ አልተሰበረም። እጇ ግድግዳውን ነካ፤ ቀዝቃዛ ነው። ልጅቷን ሸኝታ ወንድሟ ጋ ደወለች። ማታ መጣ።

«ልነግርሽ ነበር እትዬ።»

«መቼ?»

«ሲያልቅ። በቃ፣ ሰርፕራይዝ እንዲሆን። ገቢው የሁለታችን ነው እኮ፤ መኪና መርገጥ ትተያለሽ። ክፍሉ ደግሞ ለአንድ ሰው ይበቃል። ማሞቂያ እገዛልሻለሁ።»

«ማሞቂያ?»

ያን ጊዜ ራሱም የተናገረውን ሰማው። 

«ብርድ የማይሰማውን ነገር በሰሜን አድርጉ አላልክም፣ መሸሻ? እኔ ብርድ የማይሰማኝ ነኝ?»

«እንደሱ አይደለም...»

«ኖራውን ስታሰምር ታውቅ ነበር?»

ወደ ትልቁ መስኮት ዞሮ ቆመ። በዚያ ጀርባ ላይ ስንት ሹራብ ለክታለች! ያሳደግሁት ልጅ ሸጠኝ ብላ ጮኻ ብታለቅስ ይቀላት ነበር። «ሂድ ወደ ቤትህ» ብቻ አለችው።

ለመጨረሻው ልስን ደቦ የተጠራው ለቅዳሜ ነበር። ጭቃው ተብላልቶ፣ ሰዉ ተሰብስቦ፣ ኡሙሀኒም እግሯን ነክራ ነበር። መሸሻም ስልኩን ይዞ መጥቷል፤ ሰው ፊት ገመናችንን አታወጣም ብሎ ተማምኖ ይሆናል። ዓለምፀሐይ መሃል ቆመች።

«ጎረቤቶቼ፣ ቤቱ የሚከራይ ነው። አላወቅሁም። በሰው ቤት በር ላይ ቆሜ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ፤ የዋሸኝ ግን ወንድሜ ነው።»

ማንም አልተሳደበም፤ ቢሰድቧት ይሻል ነበር። ኡሙሀኒ እግሯን ከጭቃው አወጣች፤ ቧንቧው ጋ ሄዳ ታጠበች። ከኋላዋ ሌላው፤ ከዚያ ሌላው። ተራ ጠብቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ታጠቡ። መሸሻ ንጹሕ ጫማውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ የሚያልፈው ሁሉ ዞሮት አለፈ። ኡሙሀኒ ስትወጣ ዓለምፀሐይን ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ «አንቺማ በምን ታውቂ፤ ያሳደግሽው ልጅ ነዋ» አለቻት። ሱቋን ከፈተች።

አልጋዬን አላነሳም ስላለች፣ ካርታው ላይም ስሟ ስላለ፣ ገና ላይ እንግዳ አልመጣም። ጉልበት የሚስምም አልመጣም። ኡሙሀኒ ጠዋት ጠዋት ሰላም ትላታለች፤ እንዴት አደርሽ፣ እግዜር ይመስገን ይባባላሉ። ስለ ታመመ ግድግዳ ግን የሚጠይቃት የለም።

አንድ ቀን የቀረውን ደረቅ ጭቃ ብቻዋን በውሃ አራሰችው። ጭድ ጨምራ፣ በደንብ ረግጣ፣ የዕቃ ቤቱን መስኮት እስከ አፉ ደፈነችው። ገባችና ደቡቡ መስኮት ሥር ባለው አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች፤ ግድግዳው ግን ሞቃት ነው። ቀን የጠጣውን ማታ ይሰጣል ብሎ አልነበር? መሸሻ ያስተማራት ሁሉ እውነት ነበር፤ የዋሻት ቤቱ የሚሞቀው ለማን እንደሆነ ብቻ ነው።