የብርቱካናማው ጃንጥላ ስለት

የበደለኝ ያኔ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር የነበረው ሰው ነው። የበደለኝም በጥር ወር፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ምእመኑ ሁሉ እያየ ነው።

ባሌ ሲሞት ቴሌቪዥኑንና የዴንቨርን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ትቶልኝ ሄደ። ጨዋታውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የቤዝቦሉን ቡድን ግን "ተያቸው፣ እነሱ የሚወጡት ፀሐይ ለመሞቅ ነው" ይለኝ ነበር። ብርቱካናማ ለባሾቹ የፉትቦል ተጫዋቾች እሁድ እሁድ የቤቱን ዝምታ ይሰብሩልኝ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ መጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ሲደርሱ፣ እንዲያሸንፉ ለማርያም ጃንጥላ ተሳልኩ። የመጀመሪያውን አሸነፉ። ብርቱካናማ የከፈይ ጃንጥላ ገዝቼ፣ ዳር ዳሩን በወርቃማ ዘርፍ አስጊጬ በሳምንቱ ይዣት ሄድኩ።

በእኛ ደብር ስለት ሲገባ ከነምክንያቱ ይነገራል። ሊቀ መንበሩ ማይክራፎኑን እንደያዘ ለምን እንደተሳልኩ ጠየቀኝ። ሌላዋ ብትሆን "ለጤናዬ" ብላ ትገላገል ነበር። እኔ በማርያም ፊት አልዋሽም ብዬ እውነቱን ተናገርኩ።

"እትዬ፣ እመቤታችንን የኳስ ዳኛ አደረጓት እንዴ?" አለ።

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ጣፈጠውና ቀጠለ፤ ለኳስ የተሳለ ሰው ስጦታ ከቁማር አይለይም፣ ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም ብሎ ጃንጥላዬን መለሰልኝ። እኔ በሕይወቴ አንድ ሳንቲም አስይዤ አላውቅም። ያኔ ኮሎራዶ ውስጥ ኳስ ላይ ማስያዝ ክልክል ነበር፤ ሕግ የፈቀደው ተራራው ላይ ባሉት የካሲኖ ከተሞች ያለውን ቁማር ነው። እዚያ ደግሞ የሆቴል ክፍል የማጸዳው እኔ ነኝ። ቁማርተኛን ከአንሶላው አውቀዋለሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ተሸነፈ። ያልገባ ስለት ቁም ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደሚከብድ ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ጉልበቴን ባመመኝ ቁጥር ዓይኔ ወደ ቁም ሳጥኑ ይሄዳል።

ከዓመታት በኋላ በካሲኖዎቹ በአንድ ጊዜ እንዲያስይዙ የሚፈቀደው ገንዘብ ከአምስት ዶላር ወደ መቶ ዶላር ከፍ አለ። ወደ ሥራ የሚወስደኝ አውቶቡስ ያን ሰሞን ጢም ብሎ ይሞላ ጀመር። በፍልሰታ ጾም አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ሊቀ መንበሩ ገባ። ከእኔ አጠገብ በቀር ባዶ ወንበር አልነበረም።

 ተራራውን ስናጋምስ፣ ሚስቱ ተሳፋሪ ሊጭን ኤርፖርት ታክሲውን ይዞ ተሰልፏል ብላ እንደምታምን፣ ቁማር መሄዱን ብታውቅ ቤቱ እንደሚፈርስ በሹክሹክታ ነገረኝ።

"እትዬ፣ እሁድ ጃንጥላዋን ያምጧት። እኔ ራሴ እልል አስብልልዎታለሁ።"

"ምክንያቱን ምን ብለህ ልትናገር ነው?"

"ለጤናዎ ነዋ።"

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ልቤ እሺ ሊል ቃጥቶት ነበር፤ ስለቱ ከአንገቴ ይወርድልኝ ነበር። ነገር ግን የማርያም ጃንጥላ የአፍ ማዘጊያ ሆና ከገባች፣ ያን ቀን የሳቁብኝ ሁሉ ልክ ነበሩ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጃንጥላዋን ዴንቨር ወዳለ ሌላ ደብር ወሰድኳት። ለቄሱ፣ ለኳስ የተሳልኩት ነው አልኳቸው። ስለቴን ተቀበሉኝ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ለሚስቱ ደወልኩላትና አውቶቡሱ የሚነሳበትን ቦታና ሰዓት ነገርኳት።