የውሃ ዶሮዋ ቄጠማ

ሰበታ ውስጥ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ የሚወርደው ጅረት ቀለሙ እንደ ቀኑ ነበር፤ ሰኞ ሰማያዊ፣ ረቡዕ የሻይ ቅጠል። ከላይ ያለው ፋብሪካ የለቀቀውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ወጥተን ቤት የተከራየን ስለሆንን፣ የገጠር ውሃ እንዲያ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።

የባዮሎጂ መምህራችን ክበብ አቋቁሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ፌስታልና አሮጌ ጫማ አስለቀመን። ከብት እንዳይገባ አጥረን ዳር ዳሩን ቄጠማ ተከልን። ውሃው ግን አልጠራም። የጠራው በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገድ ተዘግቶ ፋብሪካው ሲቆም ነው። ሰው እየታሰረና እየሞተ እኔ ደስ አለኝ፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

ትምህርትም ተቋርጦ ስለነበር ቀኑን እዚያ እውላለሁ። ፀሐይዋ ለስላሳ ናት፣ ከአስፋልቱ የሚመጣው ጩኸት የሌላ አገር ይመስላል። አንድ ቀን የውሃ ዶሮ መጣች። ሳምንት ሳይሞላ ቄጠማው ውስጥ አምስት እንቁላል አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ታላቅ ወንድሜ እንዳይሄድ ለምኜው እምቢ ብሎ ወደ አስፋልቱ በወጣበት ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሽማግሌ ማጭድ ይዘው መጡ።

«ልጆቹና ወታደሮቹ ተፋጠዋል» አሉኝ። «መሃል ልንገባ ነው። ሽማግሌ ደግሞ እርጥብ ሳር ሳይዝ አይገባም። ሳር የያዘን ማንም አይነካም።»

«እንቁላል አላት፣ አባባ። ሌላ ቦታ ይፈልጉ።»

«በዚህ በጋ እርጥብ ከየት ይመጣል፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ? እናንተ አጥራችሁ ያቆያችሁት ብቻ ነው የቀረው። የተከላችሁት እናንተ ናችሁና እምቢ ካልሽ እመለሳለሁ።»

እውነታቸውን ነበር፤ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጠው ቆሙ። ውሳኔውን ለእኔ በመተዋቸው ጠላኋቸው። ቢያጭዱትና ብሰድባቸው ይሻለኝ ነበር።

ማጭዱን አነሳሁ። ከጎጆዋ ርቄ ጀመርኩ፣ አልበቃም። ተጠጋሁ፣ አሁንም አልበቃም። ዶሮዋ ውሃውን እየመታች ወጣች፤ እንቁላሎቹ ፀሐይ ላይ ቀሩ። ሽማግሌው ሸክማቸውን አቅፈው፣ በዕድሜያቸው አይቼው በማላውቀው ፍጥነት ሄዱ።

እስከ ከሰዓት በኋላ ጠበቅኳት። አልተመለሰችም።

ቤት ስገባ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ አቧራ ለብሶ፣ ምንም ሳይሆን። ሽማግሌዎቹ መሃል ገብተው ለሁሉም አንዳንድ ዘለላ ቄጠማ አድለው እንደበተኗቸው ለእናቴ ያወራላታል። የእሱን ዘለላ እየጠቀለለ ይጫወትበታል። ሳየው እንባዬ መጣ። ለእሱ ያለቀስኩ መስሎት ተነስቶ አቀፈኝ፤ እኔም አላረምኩትም።