እድራችን ሁለት የሩሲያ ምሽቶችን ሲከፋፈል

ስብሰባ አልወድም። የእድር ስብሰባማ ያንገሸግሸኛል። ለቀብር የተቋቋመ እድር ተነስቶ «መርከብ ልሳፈር» ሲል ደግሞ ምን እንደምል አላውቅም፤ ኤጭ! ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ሳይጀመር፣ መርከቦቹ ገና ሩሲያ ወደብ ይገቡ በነበረበት ጊዜ ነው። የአትላንታው እድራችን ሰብሳቢ አንድ እሁድ ማይኩን ይዛ ተነሳችና፣ «ወገኖቼ፣ የምንገናኘው ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ? እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ በደህናው ቀን አብረን እንውጣ!» አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው!

መርከቡ የሚዞረው በባልቲክ ባሕር ነው። ሌላው ወደብ ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል፤ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ብቻ ሁለት ሌሊት ያድራል። የኛ ጉድ የጀመረው በነዚያ ሁለት ምሽቶች ነው።

ባለቤቴ ያቺን ከተማ እስከ ዛሬ ሌኒንግራድ ነው የሚላት። በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ ሄዶ አምስት ዓመት ሥነ ምድር ተምሮባታል፤ አሁን ኤርፖርት ሻትል ይነዳል። የመጀመሪያው ዓመት ብርድ ሳንባውን መታውና ሆስፒታል ተኛ። የሩሲያኛ አስተማሪው የነበረች ሴትዮ በየማታው በትራም እየመጣች በፔርሙዝ ሾርባ ታቀብለው ነበር፤ አርባ ቀን ሙሉ። «ይሄ ልጅ አይድንም፣ ወደ አገሩ መልሱት» ሲባል የዩኒቨርሲቲው ዲን ቢሮ ገብታ ተሟግታ ያስቀረችውም እሷው ናት። ተመርቆ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ጥድፊያ ሆኖበት ሳይሰናበታት ቀረ። ይህንን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል።

እድሩ ጉዞውን ሲያነሳ ሴትዮዋ ሰማንያ ሰባት ሞልቷት ነበር። ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ አይሰማትም፤ የምታወራው በልጇ በኩል ነው። ልጅዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ትውላለች፤ ቀን ቢኬድ በር የሚከፍት የለም። ስለዚህ ባለቤቴ ከዚያ ሁሉ ጉዞ የፈለገው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ምሽት እሷ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ማመስገን። ቡፌው አላማረውም፣ መዋኛው አላማረውም። አንድ ምሽት ብቻ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ደንዉዲ ሰፈር፣ ሰብሳቢያችን ቤት ሆነ። እሷ ሥራዋ ቤት ማሻሻጥ ነው፤ የራሷም ቤት ሊሸጥ ነገ ሰው የሚያየው ይመስል መርገጥ ያስፈራል። ጫማችንን በር ላይ አስወለቀችንና የእግር ሽታውን ሁሉ ሳሎን ውስጥ አስገባችው። ቴሌቪዥኑ ላይ የምሽት ጉብኝቶቹን ደረደረች፦ ባሌት፣ በቦይ ላይ የጀልባ ሽርሽር፣ የባህል ጭፈራ ከእራት ጋር። «ስሙኝማ፣ አንድ ሩል አለ» አለች። «የራሱ ቪዛ የሌለው ሰው ከመርከቡ የሚወርደው ከአስጎብኚው ጋር በሰልፍ ነው። ዝም ብሎ ወክ ማድረግ የለም። የራሴን ቪዛ አወጣለሁ የሚል ካለ ጊዜ ስለሚወስድ ከአሁኑ አፕላይ ያድርግ።»

ባለቤቴ በጉልበቱ ጉልበቴን ነካ አደረገ። እኔም መልሼ ነካሁት፤ «በል ተናገር» ማለቴ ነው። እሱ ካልሲውን ማስተካከል ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ ብጽፍ ያስታውከኛል። አንዲት የጸሎት ቡድን መሪ ስለ ባሌት ስትሰማ፣ «ወንድ ልጅ እንዲያ ዓይነት ሱሪ ለብሶ? በኢየሱስ ስም!» ብላ ፊቷን ሸፈነች፤ ግን በጣቶቿ መሃል ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየችው። አንዱ ምሽት ላይ የሚከፈት ሞል እንዳለ ጠየቀ። ሰውዬ፣ ሞል ፍለጋ ባሕር ታቋርጣለህ? ሌላው ጥርሱን በስቲኪኒ እየጎረጎረ፣ ያገኘውን አውጥቶ እያየ መልሶ እየዋጠ፣ «ዋናው ፍቅራችን ነው» ይላል። ወግድ! በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የረባ ጥያቄ የጠየቁት የወሎው ሀጂ ብቻ ናቸው። «እራቱ ሐላል ካልሆነ እኛ መርከቡ ላይ እንበላለን፤ ለኛ ብላችሁ እንዳትቸገሩ» አሉ። ሰብሳቢያችን ግን፣ «አይሆንም ሀጂ፣ እርስዎን ትተን የትም አንሄድም! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» ብላ ጮኸች። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጠን ምንም ሳንወስን ተነሳን።

መኪና ውስጥ እንደገባን ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ ብትጠይቂልኝስ?» አለኝ።

ይህ የኛ ሰው አመል ነው። ሰው ለራሱ አይጠይቅም፤ ሌላ ነው የሚጠይቅለት። እድር ውስጥ «እኔ እፈልጋለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው የሚባለው። የጎረቤት ሰው ተነስቶ «እከሌ እንኳ ጉዳይ አለበት» ሲል ሁሉም «እንዴ! ምን ችግር አለው!» ይላል። ባለቤቴ ይህንን አመል ከነሥሩ ነቅሎ አትላንታ ድረስ ይዞት መጥቷል።

«አፍ የለህም?» አልኩት።

«እነሱ ጋ እንዴት ብዬ? የራሱን ሽርሽር ከእድሩ አስበለጠ ይሉኛል።»

«ይበሉሃ! ሴትዮዋ አርባ ቀን ሾርባ ስታመላልስ ሰው ምን ይለኛል ብላለች?»

«ላንቺ ይቀልሻል፤ አንቺ አፍሽ አያስፈራሽም» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ደሜ ፈላ። አዎ፣ አፌ አያስፈራኝም። ሠላሳ ዓመት ለእሱ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አከራዩን ስለ ማሞቂያው፣ አለቃውን ስለ ሺፍቱ፣ ሐኪሙን ስለ ሆዱ። ሐኪም ፊት እንኳ «ትንሽ ነው የሚያመኝ» ይላል፤ እኔ ነኝ «ውሸቱን ነው፣ ሌሊቱን ሲያቃስት ነው የሚያድረው» የምለው። ሰለቸኝ። «ይህቺን እንኳ ራስህ ጠይቅ። እኔ አልጠይቅም፤ እናቴ ትሙት አልጠይቅም» አልኩት። 

ከዚያ በኋላ ግን በየቅዳሜው ለሴትዮዋ ልጅ ይደውላል። እኔ ምስር እየለቀምኩ እሰማለሁ። ሩሲያኛ አላውቅም፤ ድምፁ ግን የልጅ ድምፅ ይሆናል። ስልኩን ሲዘጋ፣ «ሁለተኛው ምሽት ይሻላል አለች ልጅዋ። እናቷ የምወደውን ኬክ ታስጋግርልኛለች» ይለኛል። «ቪዛውንስ?» ስለው፣ «በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይነሳል» ይላል። ይነሳል! ራሱ እግር አውጥቶ የሚነሳ ይመስል።

የሚቀጥለው ስብሰባ ኖርክሮስ፣ አንድ ሬስቶራንት ጓዳ ካለው አዳራሽ ሆነ። ምግቡ ቀድሞ ቀረበና ፎርሙ በቅባት እጅ እየተላለፈ መጣ። ያ ባለ ስቲኪኒው ሰውዬ አጥንት እየመጠጠ፣ የመጠጠውን ከፎርሙ ጎን እያስቀመጠ ይሞላል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «ከግሩፑ ጋር»፣ ሌላው «በራሱ ቪዛ»። የመጀመሪያው ምሽት ባሌት፣ ሁለተኛው ምሽት የጀልባ ሽርሽር ተብሎ ተወስኗል። ማን እንደወሰነው አላውቅም። ሞል የጠየቀው ሰውዬ ለቀን ሞል ተገኝቶለታል። የጸሎት መሪዋም ባሌቱን «ለእውቀት ያህል» ብላ ፈርማለች። አያችሁ፣ የጠየቀ ሁሉ አገኘ!

ሰብሳቢያችን ተነስታ፣ «ከግሩፑ ተነጥሎ የሚሄድ አለ?» አለች። «ጉዳይ ያለው፣ ዘመድ ያለው?» ሰው ሁሉ መብላቱን ቀጠለ። ቀጥታ ወደኛ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ተምረዋል አይደል? የሚያዩት ሰው ካለ ዛሬ ይንገሩኝ። ዛሬ ነው የምልከው።»

ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? አፉ ውስጥ አጉርሳው ልታኝክለት ነው? እኔ ያቺን ሴት አልወዳትም፤ ያን ቀን ግን በሩን ወለል አድርጋ ከፍታለት ነበር። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ይዞ ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ሐኪም ቤት የሚያሳየው ነው። «ኧረ እኔ ከእናንተ ተለይቼ የት እሄዳለሁ!» አለ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። እሱም «ከግሩፑ ጋር» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? አስጠላኝ። ፈገግታው አስጠላኝ፣ ጭብጨባው አስጠላኝ፣ የአጥንቱ ክምር አስጠላኝ። ትሕትና ተብሎ የሚጠራው ፍርሃት ሁሉ አንገፈገፈኝ። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር፤ «ውሸቱን ነው፣ የሚያየው ሰው አለው» ብል አለቀ። ግን ምያለሁ። ፊቴን አዙሬ ሰላጣ አነሳሁ። ሰላጣው ውስጥ ፀጉር ነበረ፤ እሱንም ዝም አልኩ።

ሴንት ፒተርስበርግ ደረስን። የመጀመሪያው ምሽት ባሌት ቤት ገብተን ወንዶቻችን ተኙ። ሴቶቻችን ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ሲቆረጥሙ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሩሲያውያን ዞር ብለው ያዩናል። እኔ በኀፍረት ወንበሩ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ መድረኩን አላየም፤ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ቤቷ ከዚያ በእግር ሃያ ደቂቃ እንደሆነ በኋላ ነገረኝ።

በማግስቱ ለልጅዋ ደውሎ ከጀልባው እንደማይወርድ፣ የሚያልፍበትንም መንገድና ሰዓት ነገራት። እሷም «እናቴን በተሽከርካሪ ወንበር አንዱ ድልድይ ላይ አመጣታለሁ» አለችው። ያ አገር በዚያ ወቅት ማታውም ቀን ነው፤ በወጉ አይጨልምም። ጀልባው በቦዩ ሲሄድ ባለቤቴ ከፊት ቆሞ ድልድዮቹን ይቆጥራል። ኮቱን ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል። አራተኛው ድልድይ ላይ አየናቸው፤ አንዲት ወፍራም ሴት፣ ከፊቷ በወንበር የተቀመጠች ነጭ ሻርፕ ያሰረች አሮጊት።

ባለቤቴ ሁለት እጁን አንስቶ በሩሲያኛ ጮኸ። አሮጊቷ ከወንበሯ ብድግ ለማለት ሞከረች፤ ልጅዋ ደገፈቻት። ይህን ጊዜ እድራችን ሁሉ «ውይ ሲያምሩ! ሰላም እያሉን ነው!» ብሎ ተነስቶ እጁን ያወዛውዝ ጀመር። ስልክ ወጣ፣ ቪዲዮ ተነሳ፣ አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው። ባለቤቴ በዚያ ሁሉ ክንድ መሃል ተዋጠ። ጀልባው በድልድዩ ሥር አለፈ፤ በወዲያ በኩል ስንወጣ የአሮጊቷ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው። ወንበሩን ለማዞር ጊዜ አልነበራቸውም። ሰብሳቢያችን ትከሻውን መታ አድርጋ፣ «አዩ ጋሼ፣ ጀልባው ይሻላል አላልኩም?» አለችው። እሱም «በጣም እንጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

መርከቡ ላይ ክፍላችን ገብተን ኮቱን ሳያወልቅ ስልኩ ጮኸ። ልጅዋ ናት። ብዙ አዳመጠ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደኔ ዞረ። «ቀጥሎ ባለው ማቆሚያ ወርዶ ይመጣል ብላ ነው የገባት» አለኝ። «ቤት ተመልሳ ገበታው ላይ ተቀምጣለች። ኬኩን አታስነካም። ልጅዋ አይመጣም ብትላት አላምንም አለች። ምን ልበላት?»

ለአከራዩ መልስ ያልጠፋኝ ሴትዮ ክራቫቱን ልፈታለት ጎንበስ አልኩ።

ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰና በሩሲያኛ ቀስ ብሎ ተናገረ። አጭር ነበር። ከወዲያ ልጅዋ ለእናቷ ጮክ ብላ ስትደግምላት እኔም ሰማሁ። ከዚያ ዘጋው።

«ምን አልካት?»

«ከለከሉኝ አልኳት።»

ማንም አልከለከለውም።